ውዳሴ ክራክ

ለስንቱ ሐውልት ያቆመች አዲስ አበባ የክራክ ሊቃውንቷን፣ የሚሸጥ ሶፍትዌር ቁልፉን ሰብረው ሳይከፈልበት የሚጭኑትን፣ መርሳቷ ያንገበግበኛል። እነሱ ባይኖሩ ስንቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ፣ ስንቱ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ ማውጣት ተስኖት ይቀር ነበር። እኔን ግን ከእጃቸው ይልቅ የሚያስቀናኝ አቋማቸው ነው። በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚጫነው፣ ኮዱ (የተጻፈበት የፕሮግራም ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት የሆነው ሊኑክስ ስሙ ከአፍህ ወጥቶ ሳያልቅ ብይኑ ይሰጣል፦ «ነፃ ነገር ምን ጥራት አለው? ኮዱን ማንም የሚያየው ሶፍትዌርስ እንዴት ይታመናል?»

ይህ የጥንቃቄ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዊንዶውስ እየተጫነ ነው። ሊቁ ፍላሻቸውን ይሰካሉ። «ክራክ» የሚል ፎልደር ይከፈታል፤ ውስጡ አጭር መመሪያ አለ፤ ኢንተርኔቱን ንቀል፣ አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ ይህን ፋይል ኮፒ አድርገህ በዚያኛው ተካ። አንድ ጥቁር መስኮት ብቅ ይላል፣ ጽሑፍ ያዘንባል፣ ድርግም ይላል። ምን ሠርቶ ሄደ? ሊቁ አያውቁም። ማን ጻፈው? እሱንም አያውቁም። ኮዱን ማንም ስለማያየው ግን አስተማማኝ ነው። ውሻን አስሮ የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት መንገደኛ እንደመስጠት ነው፤ በእሳቸው ቤት ይህ «ሴኩሪቲ» ይባላል። ነፃ ነገር ስለማይወዱም የእጅ ዋጋቸውን ይቀበላሉ። ሲወጡ የመጨረሻዋን ምክር ይለግሳሉ፦ «አደራ እህቴ፣ አፕዴት እንዳታደርጊ፤ ይበላሽብሻል።»

ምክሯ ፍሬ አላት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሁለት ወር ቆይቶ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያችው ቀዳዳ እየገባ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ፋይላቸውን ቆልፎ ገንዘብ አምጡ አለ። አፕዴት የሚባል ነገር ያልነካው ኮምፒውተር እንግዳውን በክብር ተቀበለ። እንግዳ መቀበል ደግሞ ባህላችን ነው።

አይሞክሩም እንዳይባል፣ ሊቁ አንዴ በዎርድ ፈንታ የሚያገለግለውን ነፃ ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስን፣ ከፍተው አይተዋል። ድሮ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ደብዳቤ አስገቡበት፤ ፊደሉ ተተረማመሰ፤ «አማርኛ አይችልም» ብለው ዘጉት። ያው ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ በዎርድም ቢከፈት እንደዚያው እንደሚተረማመስ፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ) የገባውም እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ናሳም ሳያማክራቸው ቀርቶ በ2021 ኢንጂኒዩቲ የተባለችውን ትንሽ ሄሊኮፕተር ማርስ ላይ በሊኑክስ አበረረ። ከ2017 ማብቂያ ወዲህ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ጥራት የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የሚያጣጥሉበት አንድሮይድ ስልካቸው ራሱ ሊኑክስ ላይ የቆመ መሆኑን ባንነግራቸው ይሻላል። ይወረውሩታል፤ ስልክ ደግሞ ተወዷል።

የቴክኖሎጂ ዜና አነባበባቸውም ልዩ ነው፤ ርእሱ ይበቃቸዋል። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለ ፋይል የሚያሳንስ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ውስጥ ስውር መግቢያ ተገኘ ሲባል፣ ዜናውን በቴሌግራም ለመበተን የቀደማቸው የለም። «ብዬ ነበር!» የምትል ቃልም ታክላለች። ነገሩ ግን ከርእሱ በታች ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አንድ ሰው (ወይም ቡድን) ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ፣ ፕሮጀክቱን ያለ ደመወዝ ተሸክሞ የደከመውን ሰው አመኔታ ካገኘ በኋላ ነው ተንኮሉን ያስገባው። የደረሰበት ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ያውም የማይክሮሶፍት ሠራተኛ። ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ግማሽ ሰከንድ ያህል የመዘግየት ነገር ከነከነው። ኮዱ የተከፈተ ነውና ገብቶ ፈለፈለው፤ ተንኮሉ ገና በሰፊው ሳይሰራጭ ተያዘ።

ግማሽ ሰከንድ! የሊቁ ደንበኞች ኮምፒውተር እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ «ራሙ አንሶ ነው» ይባላሉ።

ፍትሐዊነታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። በሰረቁት ሶፍትዌር ላይ ቅሬታ አሰምተው አያውቁም፤ ይሉኝታ ያውቃሉ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ማታ ማታ ከሥራ መልስ እየሠራ በነፃ የለቀቀውን አፕ ግን አወረዱና አንድ ኮከብ ሰጡት፦ «አማርኛ የለውም። አሳፋሪ ነው። በአስቸኳይ ይስተካከል!» ሰውየው አመስግኖ መለሰ፤ የሚተረጎሙት ቃላት ጥቂት እንደሆኑ፣ እሳቸው ቢያግዙት ወዲያው እንደሚያስገባቸው ጻፈ።

ሊቁም ሳይውሉ ሳያድሩ መለሱለት፦ «ስንት ትከፍላለህ?»