ማሲንቆው ለማዶ ጠረጴዛ፣ ክራሩ ለኛ

ዛሬ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ልተንፍሰው። እዚህ አዲስ አበባ ካፌ፣ ሬስቶራንትና ሰርግ አዳራሽ ገብቶ ሙሉ ዘፈን መስማት ብርቅ ሆኗል። ሽሮውን ለአንዱ ጠረጴዛ፣ እንጀራውን ለሌላው ጠረጴዛ እንደማቅረብ ነው። ሂሳቡ ግን ለሁሉም ሙሉ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ሚክስ ሲደረግ ድምፃዊው፣ ቤዙና ከበሮው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ይቀመጣሉ። ማሲንቆው ወደ ግራ፣ ክራሩ ወደ ቀኝ ይገፋል። ተቀባዮቹ ግማሾቹ ወዲህ፣ ግማሾቹ ወዲያ። ፓን ማድረግ የምንለው ይሄንን ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው ማሲንቆ መቺው ግራ ትከሻህ አጠገብ የተቀመጠ ይመስልሃል። ደስ ይላል። እኔም የምተዳደርበት ሥራ ነው፤ የፓን ጠላት አይደለሁም።

ግን አንዱ ባለ ካፌ ይነሳና ጣሪያው ላይ ስምንት ስፒከር ያስደረድራል። አራቱ በግራ መስመር፣ አራቱ በቀኝ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ "ስቴሪዮ ነው ያስገባሁት" ይልሃል፤ ግራና ቀኙ የየራሱን ድምፅ ያወጣል ማለቱ ነው። እሺ ጋሼ፣ ስቴሪዮ ለማን ነው የሚሠራው? ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቆ፣ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ለተቀመጠ ሰው! እዚያ ነጥብ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ወንበር ሳይሆን የኬክ ማሳያው ነው።

የፓን ቁልፍ እኮ ተአምር አይሠራም። ለአንዱ ስፒከር ጨመር፣ ለሌላው ቀነስ ያደርጋል፣ አለቀ። ድምፃዊውን መሀል ላይ የምንሰማው መሀል ላይ ስፒከር ኖሮ አይደለም። ከግራም ከቀኝም እኩል ስለደረሰን አእምሯችን ራሱ እዚያ ያስቀምጠዋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ከአንዱ ስፒከር ያለህ ርቀት ከሌላው በ34 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ የቅርቡ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ይቀድማል። ያቺው ትበቃዋለች። ጆሮ ቀድሞ የመጣውን ስለሚያምን ድምፃዊውን ጎትቶ ቅርብ ያለው ስፒከር ውስጥ ይከተዋል። ካፌ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ በሳንቲ ሜትር ሳይሆን በሜትር ነው። ከግራው ስፒከር ስር ተቀምጠህ የቀኙ በቡና ማሽኑ ጩኸት ላይ አልፎ እስኪመጣልህ ብትጠብቅ ይመሽብሃል።

አንዴ አንዱን ባለቤት "ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ክራሩ የለም" አልኳቸው። "ላስጨምርልህ?" አሉኝ። አስጨመሩም። የሌለው ክራር በምን ይጨመር? ማሲንቆው ብቻ ጆሮዬን ሰነጠቀው።

የድሮ የእንግሊዝ ሙዚቃ የሚያጫውቱማ አይነሱ። የቢትልስ የ1963 አልበሞች የስቴሪዮ ቅጂያቸው ባብዛኛው ድምፃዊዎቹ በቀኝ፣ መሣሪያው በግራ ነው። ያኔ የቀረጹት በሁለት ትራክ፣ ድምፃዊዎቹን በአንዱ መሣሪያውን በሌላው ስለነበር ነው። እነሱን በእንዲህ ያለ ካፌ ስትሰማ አንዱ ጥግ ያለ አጃቢ ይዘፈናል፣ ሌላው ጥግ ዘፋኝ የሌለው ባንድ ይመታል።

ሰርግ ላይ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በቅርቡ ተጋብዤ የሄድኩበት ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው። ሚዜዎች ተሰልፈዋል፣ ካሜራው ተደግኗል፣ እናቶች እልልታቸውን አዘጋጅተዋል። ዘፈኑ ተለቀቀ። ድምፃዊው የለም! ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም። ክራርና ማሲንቆ ለብቻቸው ይንጫጫሉ፤ ከኋላ የድምፃዊው ማስተጋባት ከሩቅ ይሰማል። ሙሽራዋ ቀና ብላ ሞንታርቦውን አየችው። ዲጄው "ስልኩ ነው ወንድሜ፣ ስልኩ ነው" ይላል። ስልኩ ምን አደረገ? የስልኩን ስቴሪዮ በአንድ ኬብል አምጥቶ የማይክ መግቢያ ላይ ሰክቶታል። ያ መግቢያ በሁለቱ ሽቦዎች የሚመጣውን አንዱን ከአንዱ ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለማይክ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ኬብሉ በመንገድ የለቀመውን ጩኸት ያጠፋል። ለዘፈን ግን በግራም በቀኝም እኩል ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል። እኩል ያለው ማነው? መሀል የተቀመጠው ድምፃዊ። መፍትሄው ግራውን ለአንድ ቻናል፣ ቀኙን ለሌላ ቻናል የሚከፍል ኬብል ነው። ብዙ ብር አያወጣም፤ የዚያ ቀን ቪዲዮ ግን ዕድሜ ልክ እንደዚያው ይኖራል።

የሚገርመው ስቴሪዮም የመጣው ከብሶት ነው። አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲኒማ ገብቶ ተዋናዩ በአንድ በኩል፣ ድምፁ በሌላ በኩል ቢሆንበት ተናደደ ይባላል። የፈጠራ መብቱን ማመልከቻ ያስገባው በ1931 ነው። ሲኒማ ቤቶችም ኋላ ላይ ንግግሩን ለብቻው ለመሀል ስፒከር ሰጡት። ጠርዝ ላይ የተቀመጠውም ሰው ገንዘብ ከፍሏላ!

የኛ አዳራሾች ግን ጠርዝ ላይ ስላለው እንግዳ ምን ገዷቸው። ከኋላ ስፒከር ይጨምሩና ማዘግየቱን ይረሱታል። መድረኩ 34 ሜትር ከራቀ የፊቱ ድምፅ ከኋላው በሰከንድ አንድ አስረኛ ዘግይቶ ይደርሳል። መድረክ መሪው "ክቡራን እንግዶች" ሲል ከኋላ ያለነው ሁለት ጊዜ እንከበራለን። የኋላውን ስፒከር ያቺን ታህል ማዘግየት ዲጂታል ሚክሰር ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ባለ ካፌዎች፣ እናንተ ደግሞ ባለሙያ ሳትጠሩ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ። ዘፈኑ ከስልክ ከሆነ የሚመጣው፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የተደራሽነት ምርጫዎች ጋ ግቡና ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አብሩት፤ ግራና ቀኙን ደምሮ አንድ ድምፅ ያደርገዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰሙ ሰዎች የተሠራ ነው። ለእናንተ ጣሪያም ይሆናል፤ ሁሉም ስፒከር ሙሉውን ዘፈን ያገኛል። ሚክሰር ካላችሁ ሁለቱን ቻናሎች ፓናቸውን መሀል አድርጉና ለሁሉም ስፒከር አንድ ዓይነት ላኩ። ግራና ቀኙ ሲደመር አንዳንድ የኪቦርድ ድምፅ ሊሳሳ ይችላል። ይሳሳ! ከሌለ የሳሳ ይሻላል።

አሁን ኮሜንት ላይ "ሞኖ ኋላቀር ነው፣ ስቴሪዮ ጥራት ነው" የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ፣ ግን ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው ስፒከር ስር እንደተቀመጣችሁ ቀና ብላችሁ እዩ።