92 ገጽ ስንት ደቂቃ ነው?

ከብሔራዊ ቴአትር አለፍ ብላ ባለች ማኪያቶ ቤት ሦስት ሰዎች በአንድ ስክሪፕት ተፋጠዋል። ስክሪፕቱ የወጣቱ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ሊሆን። አንዷ የተቀረጸውን ቆርጣ የምትቀጥል የፊልም ኤዲተር ናት። ሦስተኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የድምፅ ባለሙያ ናቸው።

«92 ገጽ ነው» አለ ወጣቱ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ። አንድ ሰዓት ተኩል፣ አለቀ!»

«በማን ፊደል?» አለች ኤዲተሯ። ልኬቱ የተለመደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኩሪየር በሚባለው የፊደል ቅርጽ በ12 ነጥብ መጠን፣ ሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ይዞ አንድ ኢንች ላይ 10 በሚሰፍርበት። ኩሪየር ደግሞ ግዕዝ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ሳይናገር ኒያላን ወይም ሌላ ያገኘውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይተካበታል። «እስቲ ‹አልነገረችኝም› ብለህ ጻፍ። 8 ፊደል ነው። ፈረንጁ ይህንኑ ለማለት ክፍተቱን ጨምሮ 19 ቦታ ይፈጃል። ከአፍ ሲወጣ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ስለዚህ የአማርኛው ገጽ ከአንድ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል።»

ስልኳ ላይ ሰዓት ከፍታ 6 ገጽ የሆነውን የማድ ቤት ሲን (ትዕይንት) ከወጣቱ ጋር ተቀባብለው አነበቡት፤ ዝምታውንም ሳይዘሉ። 9 ደቂቃ። «በዚህ ከሄደ 138 ደቂቃ ነው። እኔ ጋ ሲመጣ 40 ደቂቃ ቆርጬ ልጥል ነው፤ የምጥለውን ልትቀርጸው ገንዘብ ታወጣለህ።»

ልጁ ደነገጠ እንጂ አልተረታም። «ሁሉም ገጽ ንግግር አይደለማ!»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ሰውዬው። «ገጽ 41 ላይ ‹ሰርጉ ደመቀ› ብለሃል። ሁለት ቃል። ስንት እድምተኛ ነው? ማን ያለብሳል? ማን ምሳ ያበላል?» እሳቸው ደቂቃ አልቆጠሩም፤ በእርሳስ ቦታ ሲቆጥሩ ነው የቆዩት። 78 ሲን፣ 34 ቦታ፣ የቀረጻ ቀን ደግሞ 18። «በቀን 5 ገጽ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ይቻላል። በቀን ሁለት ቦታ ግን? ፒያሳ ቀርጸህ መብራቱን ነቅለህ፣ ጭነህ፣ መገናኛ አራግፈህ እንደገና እስክትተክል ሦስት ሰዓት ሄደ። አራት ቦታ ደግሞ ‹ጀንበር ስትጠልቅ› ትላለህ። እዚህ አገር ጀንበር ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ከጠለቀች በኋላ የምትጠቅምህ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። የሦስት ገጽ ንግግር ከሦስት አቅጣጫ አይደርስልህም።»

«ቀሪውን በማግስቱ እንቀርጻለን፣ ጋሼ።»

«ደመናውስ በማግስቱ ያንኑ ይሆንልሃል? ይልቅ ቀረጻው ሐምሌ ነው አሉኝ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር!»

እዚህ ላይ ሰውዬው ገነፈሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተቀረጸ ንግግር ኋላ በወጉ አይጸዳም፤ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ማናገር ነው፣ ከንፈሩ ሌላ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ጀነሬተሩ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ከግድግዳ ጀርባ ይቀመጥ። ከያንዳንዱ ቦታ 30 ሰከንድ ማንም ሳይተነፍስ የክፍሉ ድምፅ ብቻውን ይቀረጽ፤ አለዚያ በንግግር መሀል የሚተወው ክፍተት ጆሮ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ፍሪጁ ድምፁ እንዳይገባ ይጠፋል፤ ሲጠፋም የመኪና ቁልፍ ውስጡ ይቀመጥ። (ቀልድ አይደለም። ቁልፉን ፍለጋ የሚመለስ ሰው ፍሪጁን ሳያበራ አይሄድም፤ የባለቤቱም ሥጋ አይበላሽም።)

«በእርስዎ ከሄድን» አለች ኤዲተሯ «የሚቀረን አንድ ክፍልና ሁለት ሰው ነው።»

«ይቅር! ምን አለበት?»

«ከተማዋን ላሳይ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ ልጁ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ቤት ውስጥ ለመቀመጥማ የሬዲዮ ድራማ እጽፍ ነበር።»

በዚህ ተለያዩ። እኔ የምፈርደው ለልጁ ነው፤ ግን እሱ ባለው ምክንያት አይደለም። 34ቱን ቦታ አንድ በአንድ ሲያዩት 11ዱ የሆስፒታል ኮሪደር፣ የባንክ መስኮት፣ የጠበቃ ቢሮ ናቸው፤ አንድ ሰው ገብቶ ወሬ ተናግሮ የሚወጣባቸው፣ ፊልሙም ዳግም የማይመለስባቸው። ይህ ከተማ ማሳየት አይደለም። ወሬው ስክሪፕቱ ውስጥ ቀድሞ ባለው ታክሲ ተራ ሰልፍ ላይ ይነገር፤ 34ቱ 23 ይሆናል፣ ከተማዋም ይበልጥ ትታያለች። ልጅቷ ደቂቃው ላይ ትክክል ናት፤ ሆኖም ከአንድ የማድ ቤት ሲን ተነስቶ ለ92 ገጽ መፍረድ ችኮላ ነው። ሦስት ሰው ከሰዓት ጋር ተቀምጦ ሙሉውን ያንብበው፤ ንግግር የሌለበትንም በዓይነ ሕሊና እያየ ይለካው። ይህም ሁለተኛው ረቂቅ ሳይጀመር መሆን አለበት። ስለ ሐምሌ ክርክር የለኝም፤ ኅዳር ይሁን።

ሰርጉን ግን አላስወጣውም። «ደመቀ» የሚለው ይሰረዝና ካሜራው የሚያየው ይጻፍ፦ ከድንኳኑ ጥግ ሰባት ሰው፣ ግማሽ የተበላ ትሪ፣ ከሸራው ወዲያ ጭብጨባና እልልታ። የቀረውን እድምተኛ ሰውዬው በማይክሮፎናቸው ያመጡታል።