ብረት ማስረዘም ሩቅ ጣቢያ አያመጣም

ወንድሞቼ፣ ሰሞኑን «የአንቴናውን ብረት ባስረዘምክ ቁጥር የሩቅ አገር ቴሌቪዥን ይገባልሃል» የሚል ምክር ሲደጋገም አያለሁ። በቅንነት የተባለ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና በእናንተ በኩል የሬዲዮ አድማሱ፣ ማለትም የምድር ክብነት ሳይጋርደው ሞገዱ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀት፣ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእጥፍ ብታስረዝሙት 18 አካባቢ ይደርሳል፣ በቃ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ጣቢያ ድንገት ብቅ የሚለው በአብዛኛው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ መሬት ሲመልሰው ነው፤ እሱም በዝቅተኛዎቹ የቪኤችኤፍ (ለቴሌቪዥን የሚውል አንድ የሞገድ ክልል) ቻናሎች ላይ፣ ለደቂቃዎች ወይ ለሰዓታት። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ምስሉ ሲመጣ ሰዓቱን መዝግቡ፣ ብረቱን ሳትነኩ ነገ በዚያው ሰዓት ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። የምጨነቀው በዚህ በጅማ ዝናብና መብረቅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ረጅም ብረት ለሚተክለው ልጅ ነው።