ክርክር፦ ለዓይን ሌዘር ጨምሮ መክፈል ያዋጣል?

መነጽር ለመጣል ላሲክ የሚባለውን የዓይን ሌዘር ሕክምና የሚያስብ ሰው ሁለት ዋጋ ይነገረዋል። አንዱ የመደበኛው ነው። ሌላው፣ ወደድ የሚለው፣ ዌቭፍሮንት በሚባል መለኪያ ለእያንዳንዱ ዓይን በልክ የሚሠራው ነው። ልዩነቱ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ያዋጣል የምትለው፦
መደበኛው ላሲክ የሚያርመው መነጽር የሚያርመውን ብቻ ነው። ዓይን ግን መነጽር የማይነካቸው ረቂቅ ጉድለቶችም አሉት። ዌቭፍሮንት ብርሃን ወደ ዓይን ይልክና ከዓይን ጀርባ ካለው ሬቲና ተመልሶ ሲወጣ የት የት እንደተዛባ ይለካል። ሌዘሩ ኮርኒያን (ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ክፍል) የሚቀርጸው በዚያ ካርታ ነው። አሜሪካ ይህን አሠራር የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ነገሩ ቅንጦት አይደለም። በድሮው አሠራር ሌዘሩ ኮርኒያ ዳር ላይ ሰያፍ ስለሚያርፍ ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚህም አዲስ መዛባት ይመጣል። ቀን ላይ ላይታወቅ ይችላል። ማታ የዓይን ብሌን ሲሰፋ ግን ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ይበተናል፣ ዙሪያውን ክብ ይሠራል። ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው ሐኪም ቤት ፊደሎቹን በሙሉ አንብቦ ቢወጣ ምን ይጠቅመዋል?

አያዋጣም የሚለው፦
እህቴ፣ የማታው ችግር እውነት ነው። ግን የሚያወዳድሩት ከድሮው ማሽን ጋር ነው። ዛሬ መደበኛ የሚባለው በአብዛኛው ዳር ላይ የሚቀንሰውን ጉልበት ራሱ ያካክሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩ ጥናቶች፣ ያለ መነጽር በማየት አቅም ለአብዛኛው ሰው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ደግሞስ ከኮርኒያው ተቆርጦ የሚገለጠው ስስ ሽፋን በራሱ መዛባት ያመጣል። እሱን ቀድሞ የሚያሳይ ካርታ የለም።

ገንዘቡ ካለ ለምርመራ ይዋል ባይ ነኝ። ኮርኒያ መሃሉ ላይ ውፍረቱ 540 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲቀረጽ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) 12 ማይክሮን ያህል ይላጣል። ከሽፋኑ ሥር ቢያንስ 250 እንዲቀር ይፈለጋል። ኮርኒያው ስስ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ሰው ላይ ከተሠራ ጣጣው የዕድሜ ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ ባትሠራ ይሻልሃል» የሚለው ሐኪም ከየትኛውም ማሽን ይበልጥብኛል።

ያዋጣል የምትለው፦
በምርመራው እስማማለሁ ወንድሜ። «ለአብዛኛው ሰው» ያሉትን ግን አልለቅዎትም። ከመነሻው የዓይኑ መዛባት ከፍ ያለ ሰው አለ። በልክ የተሠራው የሚጠቅመው እሱን ነው፣ አማካይ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ ክሊኒኩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ልኬቱን ያሳየው።

አያዋጣም የሚለው፦
ልኬቱ ዝቅ ያለ ከሆነስ? ርካሹ ይበቃሃል ብሎ በግልጽ ይንገረው።