ሦስት ጎማ ምን አነሰው?

ጋሼ ባለ ፒንሳው፣ እጅዎ ይባረክ! የኋላ ቀኙ የፍሬን ቱቦ ዝጎ ጠብ ጠብ ሲል መቼ ተደናገጡ? ቱቦውን ሁለቴ አጠፉት፣ በመዶሻ ጠፈጠፉት፣ አለቀ። ሦስቱ ይይዙ የለም እንዴ? ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ብታዘነብል እንኳ በስድሳዎቹ ተማሪ አልተጀመረም ወይ!

የተበላውን ቆርጠው የነዳጅ ላስቲክ ሰክተው በሁለት ፋሼታ (የላስቲክ ማሰሪያ ቀለበት) ያሰሩማ ሊቅ ናቸው። ፍሬን ድንገት ሲረገጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ያልፋል፤ የጎማዎ አየር 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው። ላስቲኩም የፍሬን ዘይት ሲጠጣ ያብጣል። ይበጥ፣ ጥጋብ ነው።

ፈሪ ሰው ግን አይጠፋም። ዳዶው (የቱቦውን ጫፍ የሚያስረው ባለ ማዕዘን ብሎን) ላይ የዝገት ማላቀቂያ ነፍቶ ያሳድረዋል። ጠዋት ደግሞ ተራውን 10 ቁጥር ቁልፍ ትቶ፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን የቱቦ ቁልፍ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ያስሳል። እርስዎ በፒንሳ ጠምዝዘው ማዕዘኑን ድቡልቡል ሲያደርጉት ደቂቃ አልፈጀብዎትም! ፈሪው የአሮጌውን ርዝመትና ጥምዝ በሽቦ ለክቶ የውጭ ዲያሜትሩ 4.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቱቦ ይገዛል፤ የፍሪጅ መዳብ በየጓሮው ወድቆ ሳለ። (የፍሪጅ መዳብ በንዝረት ደርቆ የሚሰነጠቀው መኪናዋ ስትሄድ ነው፤ ቆማ ምንም አትሆንም።) መጋዝም አይወድም፤ በትንሿ የቱቦ መቁረጫ ዙሪያውን ቆርጦ ጠርዙን ይሞርዳል። ሁለቱን ዳዶዎች አስቀድሞ ያስገባና የቱቦውን አፍ ገልጦ፣ መልሶ ወደ ውስጥ አጥፎ ድርብ ከንፈር ያወጣለታል። እርስዎ አፉን ካሰፉ በኋላ ነው ዳዶው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያዩት። ቆረጡ፣ እንደገና ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቱቦው አጠረ። ስቦ ማሰር ነዋ!

ዘይቱማ ያው ዘይት ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲከፈት ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ክዳኑ ላልቶ ሲከርም እርጥበት ይጠጣና መፍያው ወደ 155 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ለእግርዎ ምቾት ነው። የሞተር ዘይት ከጨመሩበትማ የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ጉሚኒዎች በደስታ ያብጣሉ።

አየር ማስወጣት ደግሞ ምን ያደርጋል? ከማስተሩ በጣም ከራቀው ከኋላ ቀኙ መጀመር፣ አንዱ ረግጦ ሲይዝ ሌላው ከሥር ማስተንፈሻዋን መክፈት፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ መዝጋት፣ አረፋው እስኪጠፋ መደጋገም፣ በመሀል ዘይቱ እንዳያልቅ ዕቃውን መሙላት... የሥራ ፈት ሥራ! እርስዎ ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉት በሦስተኛው ይይዝልዎታል። መንገድ የሚያቋርጠውም ሰው እስከ ሦስት ቆጥሮ ይጠብቅዎታል።

ብቻ ያቺን ከወንበሩ ሥር ያለችውን ድንጋይ አደራ፣ ማንም እንዳያወጣት።