እርማት፦ «የራስ ሴል ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው

ህብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው ስለሚሰጥ የስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) ሕክምና «ሴሉ ከራሱ ገላ ስለተወሰደ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት ላርመው። የራስ መሆኑ የሚያስቀረው ሰውነት ሴሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መዋጋቱን ነው። ከገባ በኋላ ምን ሆኖ እንደሚያድግ ግን ዋስትና አይሆንም።

በ2014 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የወጣ ጉዳይ አለ። ከራሷ አፍንጫ የውስጥ ሽፋን የተወሰደ ሴል ህብለ ሰረሰሯ ላይ የተተከለላት ሴት ከ8 ዓመት በኋላ ጀርባዋን ያማት ጀመር። ተከፍቶ ሲታይ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጭ እብጠት ተገኘ፤ ሴሉ እዚያም ሄዶ የአፍንጫ ሥራውን ቀጥሏል ማለት ነው። መራመዱም አልተመለሰላትም።

ምርምሩ ራሱ ከንቱ አይደለም፤ ጃፓን በ2018 መጨረሻ ከታማሚው መቅኒ የሚዘጋጅ አንድ ሕክምና በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች፣ ያውም ጉዳቱ ትኩስ ለሆነ ሰው።

ይህን ሕክምና የሚያቀርብ ክሊኒክ «ጥናታችን ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (የሕክምና ጥናቶች የሚመዘገቡበት የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ) ላይ ተመዝግቧል» ካላችሁ፣ መመዝገብ መጽደቅ አይደለም። ኤንሲቲ (NCT) ብሎ የሚጀምረውን ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ተቀብላችሁ ገጹን ክፈቱ፦ ጥናቱ ስንተኛ የሙከራ ደረጃ ላይ ነው? ማነጻጸሪያ ቡድን አለው? ለሴሉ የሚከፍለው ታማሚው ከሆነ ጠርጥሩ። ብዙ ትክክለኛ ጥናቶች ደግሞ ቀድሞ ሴል የተወጋን ሰው አይቀበሉም።