መናፈሻው ተመርቋል፤ ተጠያቂው ማን ነው?

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኅቴን ልጅ ይዤ በምኖርባት የጎጃም ከተማ ወደሚገኝ አንድ መናፈሻ ሄድሁ። ቦታው ሲመረቅ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ሪባኑ ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ ለነዋሪው መንፈስ ማደሻ እንደሚሆን ሲነገርም ሰምቻለሁ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ግን «ጋሼ፣ ትስተናገዳላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ሣሩ ላይ ጥቂት እንዲሮጥ ብቻ እንደመጣን ነገርሁት። «ሳይስተናገዱ መቀመጥ አይቻልም፤ ማኅበሩ ኪራይ ይከፍልበታል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የታዘዘውን ነው የነገረኝ። አንድ ቡናና አንድ ለስላሳ አዝዤ ገባን። ሣር ከነበረበት ቦታ ግማሽ በሚሆነው ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ዳስ ቆሟል፣ የልጆች መንሸራተቻው እንደዛገ ጥግ ላይ ተጥሏል፣ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ዘፈን ደግሞ ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሰዎች እንኳ መነጋገሪያ አይሰጥም።

ከዚያ ስወጣ ይህን ቦታ ቡናና ለስላሳ ለሚሸጥበት የወጣቶች ማኅበር ያከራየው ማን እንደሆነና ውሉ ምን እንደሚል ማወቅ ፈለግሁ። ጥያቄዬን ይዤ ሦስት ቢሮዎች ዞርሁ። የመጀመሪያው ዛፍ የመትከል እንጂ ቦታ የማከራየት ሥልጣን እንደሌለው ነገረኝ። ሁለተኛው ወጣቶቹን ያደራጃቸው እርሱ መሆኑን አምኖ፣ ቦታውን የሰጣቸው ግን ሌላ ክፍል መሆኑን አስረዳኝ። ሦስተኛው ውሉ የተፈረመው መዋቅሩ ከመቀየሩ በፊት ስለሆነ ፋይሉ ተፈልጎ እስኪገኝ በትዕግሥት እንድጠብቅ አሳሰበኝ። አንዳቸውም አላመናጨቁኝም፤ እንዲያውም በሁለተኛው ቢሮ ወንበር ተስቦልኛል።

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ነው፤ የአንድ ቡናና የአንድ ለስላሳ ሒሳብ። የሚያሳስበኝ ከተሞቻችን መናፈሻ ማሠራትና ማስመረቅ ሲለምዱ መናፈሻ ማስተዳደርን አለመልመዳቸው ነው። ቦታውን የመሬት ዘርፉ ይለያል፤ ችግኙን የጽዳትና ውበት ወይም የአረንጓዴ ልማት ክፍሉ ይተክላል፤ ኳስ ሜዳውን ወጣቶችና ስፖርት ይዞታል፤ የሐይቅና የወንዝ ዳርቻ ሲሆን ባህልና ቱሪዝምም የአካባቢ ጥበቃም ይገቡበታል፤ ማኅበራቱን የሥራ ዕድል ፈጠራ ያደራጃቸዋል፤ ኪራዩ ወደ ገቢዎች ይሄዳል። በምረቃው ቀን ሁሉም በፊተኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ቧንቧው ሲፈነዳ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ሲከርም ግን እያንዳንዳቸው ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተነገረ ይመስላል፤ የእኛ መናፈሻ አጥር የሚነቀነቀው፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ የሚገፋው፣ የሚናቅ ባለቤት እንኳ ስለሌለው ነው።

የችግሩ አንዱ ሥር በጀቱ ውስጥ ነው። መናፈሻ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው፤ ፕሮጀክት ነውና መጀመሪያና መጨረሻ፣ ኮንትራክተርና ርክክብ አለው። መናፈሻ የሚኖረው ግን በመደበኛ በጀት ነው፤ የአትክልተኛ ደመወዝ፣ የውኃ ሒሳብ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር መጠገኛ፣ የሌሊት ጥበቃ። ለሁለተኛው ሪባን አይቆረጥምና ማንም አይሟገትለትም። በእኛ አገር ይህ የሚያስከትለውን ለማየት የዝናቡን ወቅት ማስታወስ ይበቃል። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርም ሆነ ከተሞቹ በራሳቸው የሚያካሂዱት ተከላ በክረምት የሚደረገው ስለዚህ ነው፤ የተተከለው ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ችግኝ የሚሞተው ግን በየካቲትና በመጋቢት ነው። በየካቲት ማን ውኃ እንዳጠጣ፣ በስንት ቦቴ፣ በየትኛው የበጀት መደብ የሚጠይቅ ሪፖርት አላጋጠመኝም። አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «ስንት ተከላችሁ?» ማለቱን ትቶ «ካቻምና ከተተከለው ዛሬ ስንቱ ቆሟል?» ቢል ያ ስብሰባ ከወትሮው ረዘም ሊል ይችላል።

ሁለተኛው፣ እኔ የባሰ የምለው፣ ውሉ ነው። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መናፈሻ እየተንከባከቡ ቡናና ሻይ ቢሸጡ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ሥራ ያገኛሉ፣ ቦታው ሰው ያየዋል፣ ማዘጋጃ ቤቱም የአትክልተኛ ወጪ ይቀንስለታል። ነገር ግን ማኅበሩ ኪራይ ከፍሎ ምንም ሌላ ግዴታ ካልተጣለበት፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ወንበር የሚዘረጋበትን እያሰፋ ሣሩን እያጠበበ ይሄዳል፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን ይህንኑ እናደርጋለን። ስለዚህ ውሉ ከይዞታው ስንት እጅ ላይ ግንባታ እንደሚፈቀድና ስንት እጁ ባዶ መስክ ሆኖ እንደሚቀር፣ ያለ ክፍያ መግባትና መቀመጥ የሚቻልበትን ክፍል፣ የሽንት ቤቱንና የልጆች መጫወቻውን ጥገና፣ የድምፅ ማጉያውን ልክ፣ የውሉን ዘመን፣ ሲጣስ የሚከተለውን ቅጣት መናገር አለበት። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱን ማንም ካላየው ግን ለጎብኚው የሌለ ያህል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች በአንድ ሰሌዳ ጽፎ በር ላይ መስቀል ከዚህ ሁሉ በጣም የቀለለ ነው። ሰሌዳው ቢኖር ኖሮ ያ ጥበቃ እኔን በር ላይ ከማስቆሙ በፊት ዞሮ ያነበው ነበር፤ እኔም እንዲሁ።

የኪራዩ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድም መጠየቅ አለበት። ከመናፈሻ የተሰበሰበ ኪራይ ወደ ጠቅላላው ካዝና ገብቶ ከቀለጠ፣ ማኅበሩ የሚከፍለው ለመናፈሻው መሆኑ ይቀርና ከመናፈሻው ላይ የሚወሰድ ግብር ይሆናል።

ስለ መሬቱም አንድ ነገር ልበል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያስገድዳል፤ በፕላን ዝግጅት ሥራም ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚል መመሪያ ይጠቀሳል። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲነደፍላት ሐይቁና ዓባይ የከተማዋ ገጽ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር፤ ሰፋፊዎቹ ባለ ዘንባባ ጎዳናዎቿ ዛሬም ለዚያ ዘመን አሳብ ይመሰክራሉ። የሐይቁ ዳርቻ ግን በዓመታት ውስጥ ብዙው በሆቴሎች፣ በተቋማትና በልዩ ልዩ ይዞታዎች አጥር ውስጥ ገባ። የኮሪደር ልማቱ ዳርቻውን ለእግረኛ መክፈት መጀመሩን በደስታ የምቀበለው ቢሆንም፣ የተከፈተው ነገ ተመልሶ እንዳይታጠር የሚጠብቀው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ለግለሰብ ቤት ካርታ የምንሰጠውን ያህል ለመናፈሻም ካርታ ልንሰጠው ይገባል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቶ ካዳስተር፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ካርታና መዝገብ፣ እየተሠራ ባለበት ዘመን፣ እያንዳንዱ አረንጓዴ ቦታ ወሰኑ ተለክቶ፣ ባለይዞታውና አገልግሎቱ ተጽፎ በመዝገብ ካልተያዘ፣ ፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም መቀባቱ ብዙም አያስጥለውም። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊቆም ሲል ቦታውን ያተረፈው የኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች የወንጋሪ ማታይ ጩኸት ነው። እርሷን የመሰለ ሰው ግን በየከተማው አይገኝም፤ እርሷም ብትሆን ብዙ ተሰድባበታለች።

ወደ መዝናኛ መርሐ ግብሮች ልለፍ። እዚህ ላይ ከመንግሥት ውጭ ያለው ልምዳችን ከመንግሥቱ የተሻለ ይመስለኛል። በከተሞቻችን ውስጥ ማንም ደፍሮ የማያጥረው ባዶ መስክ ቢኖር ጥምቀተ ባሕሩ ነው። ካርታው ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ በየዓመቱ ጥር 11 ሕዝቡ ወጥቶ ስለሚሞላው ነው። የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራን ገበያ ሲያስተናግድ ከቆየ በኋላ ለበዓሉ እንዲጸዳ ያስገደደው ቀኑ መድረሱ ነበር። ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳየውን ማየት ይበቃል፤ አባላት የሚመዘገቡበት፣ መዋጮ የሚከፈልበት፣ አለቃ የሚመረጥበት፣ ያጠፋ የሚቀጣበት ሥርዓት ስላለው ከብዙ መንግሥታት ዕድሜ ተሻግሯል። የአንድ ሠፈር ኳስ ሜዳ ከዚህ ምን ሊማር ይችላል? ጠዋት ማን፣ ከሰዓት ማን፣ ቅዳሜ የየትኛው ዕድሜ ልጆች እንደሚጫወቱበት በሜዳው ተጠቃሚዎች ተወስኖ የተጻፈ መርሐ ግብር ቢኖረው፣ ሜዳው ባዶውን ውሎ ለግንባታ ዕቃ ማራገፊያ አይታጭም ነበር። በተለይ ለሴት ልጆች የተለየ ሰዓት ካልተጻፈላቸው ሜዳው ሁልጊዜ በጉልበተኞቹ ወንዶች እጅ ይቀራል፤ ይህን የሚክድ ወንድም ካለ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ ይቁጠር።

በዚህ ሰዓት፣ የአካባቢያችን ሰላም በታወከበትና ብዙ ቤት ሐዘን በተቀመጠበት ዘመን፣ ስለ መናፈሻ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክብደቱን አልክድም፤ እኔም ብዕሬን አንሥቼ ያስቀመጥሁበት ቀን ነበር። ሆኖም እንቅስቃሴ በተገደበባቸውና ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት በየግቢው ተዘግተው የከረሙ ልጆችን ያየ ሰው፣ ሁለት ሰዓት የሚሮጡበት መስክ ለእነርሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የልጆችን የመጫወትና የማረፍ መብት የጻፈው ለሰላሙ ቀን ብቻ ብሎ አይደለም።

ታዲያ ማን ይቆጣጠር? በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርኮችን የሚመራ ራሱን የቻለ ቦርድ አለ፤ ዘጠኝ አባላቱን ነዋሪው በቀጥታ ይመርጣል፤ ስድስቱ የየወረዳቸው፣ ሦስቱ የመላው ከተማ ተወካዮች ናቸው። ይህን እንዳለ እናምጣ አልልም፤ አዲስ ቢሮ መክፈት ለእኛ ብዙ ጊዜ አዲስ ማኅተምና አዲስ መኪና ማለት ነው። የከተማ ምክር ቤቶቻችን ቋሚ ኮሚቴዎች አሏቸው። ከእነርሱ አንዱ መናፈሻና የመዝናኛ ስፍራ የእርሱ ጉዳይ መሆኑ በግልጽ ይጻፍለት፤ ከአስፈጻሚው በኩል ደግሞ አንድ ክፍል፣ አንድ ብቻ፣ ለሁሉም መናፈሻ ተጠሪ ይሁን፤ ሌሎቹ ሥራቸውን የሚሠሩት በእርሱ በኩል ይሁን። ይህ ክፍል የመናፈሻዎቹን መዝገብና የውሎቹን ዝርዝር በየዓመቱ ለቋሚ ኮሚቴው ያቅርብ፤ ኦዲተሩም ሒሳቡን ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲት ያድርግ፤ በሩ ለነዋሪው ክፍት መሆኑን፣ ሽንት ቤቱ መሥራቱን በዓይኑ ይይ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል። የከተማው ምክር ቤት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ለማጽደቅ ሲቀመጥ፣ መናፈሻ በሚለው መደብ ሥር የካፒታሉንና የመደበኛውን ገንዘብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ፣ አዲስ ከመጀመሩ በፊትም የቆዩትን ለመጠገን የሚበቃ መኖሩን ቢጠይቅ ለመነሻ ይበቃል። እኔ በበኩሌ የዚያን መናፈሻ ውል ግልባጭ ለማግኘት በየካቲት ያስገባሁት ማመልከቻ ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህን ጽሑፍ እስከላክሁበት ቀን ድረስ ፋይሉ እየተፈለገ ነው።